«ክፍት ነው» ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚላክልኝ ስክሪንሾት በዝቷል። ጥቁር ጀርባ፣ አረንጓዴ ጽሑፍ፣ ከቁጥሮች ጎን «ኦፕን» የሚል ቃል፣ አንዳንዴም ቀይ የአደጋ ምልክት። ከሥሩ የሚጻፈው ሁሌም ከሁለት አንዱ ነው፦ «ተጠልፌያለሁ እንዴ?» ወይም «ዋይፋያችንን ማን እንደጠለፈው ደረስንበት!» የመጀመሪያው ያሳዝነኛል፣ ሁለተኛው ያስፈራኛል። ሁለተኛው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ስም አለበት።

ለማታውቁት፣ ፖርት ስካን ማለት የአንድን መሣሪያ የኔትወርክ በሮች እየዞሩ ማንኳኳት ነው። ስልክ በሉት ራውተር፣ ፕሪንተር በሉት ሰርቨር፣ አይፒ አድራሻ ያለው ነገር ሁሉ በቲሲፒ ብቻ 65,535 በሮች አሉት። ድረ ገጽ በ443 ይገባል፣ ኤስኤስኤች በ22፣ ፕሪንተር በ9100። ድሮ ይህን ለመሥራት ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ፊንግን የመሰለ አፕ ማውረድ፣ ወይም ተርመክስ ላይ ኤንማፕን መጫን ቡና እስኪፈላ እንኳ አይፈጅም። ጥሩ ነው፣ ተማሩበት። እኔ የምጣላው ከመሣሪያው ጋር ሳይሆን፣ ስካኑ የመለሰለትን እንደ ምስክር ቃል ተቀብሎ ሰው ላይ ጣቱን ከሚቀስር ጋር ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ ዋይፋይ ያለው ቤት ብርቅ ሆኖ ነበር። አንድ መስመር ለስንት ሰው! የይለፍ ቃል የሚሰጥ ቸር፣ የሚከለክል ንፉግ ተባለ። ዳታው ከተመለሰ በኋላም ልማዱ አልጠፋም፤ እንጅባራ ሂዱ ዳንግላ፣ ዋይፋይ በጋራ እንጠቀማለን፣ በጋራም እንጠረጣጠራለን። ኢንተርኔቱ ቀርፈፍ ባለ ቁጥር «አንድ ሰው ገብቶበታል» የሚል አይጠፋም።

ዳንግላ ውስጥ አንድ ካፌ አለ፣ ስሙ ይቅር። ባለቤቱ ስልካቸው ላይ አፕ ጭነው ኔትወርካቸውን ፈተሹ። «ያልታወቀ መሣሪያ፣ ፖርት 62078 ክፍት» አላቸው። ጥግ ላይ የኦንላይን ኮርስ የሚከታተል ልጅ ነበር። ላፕቶፕ የያዘው እሱ ብቻ ስለሆነ ሌባውም እሱ ሆነ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አላቸው።

«ስልኩ ያሳየውን ነው እንጂ እኔ ከራሴ አላመጣሁም» አሉት።

ልጁ ከዚያ ወዲህ እዚያ ካፌ አይገባም፤ ኮርሱንም አቋርጧል። ባለቤቱ ለደንበኛ ሁሉ ያሳዩት ስክሪንሾት ዞሮ ዞሮ እኔም ጋ ደረሰ። እስቲ አብረን እንየው። 62078 አይፎኖች በዋይፋይ ከኮምፒዩተር ጋር ለመናበብ የሚጠቀሙበት ፖርት ነው። አይፎን የያዘ ማንኛውም ደንበኛ ማኪያቶ ሊጠጣ ከገባ ይታያል። ልጁ ያለው ስልክ ቴክኖ፣ ላፕቶፑ ደግሞ ዊንዶውስ ነው። «ያልታወቀ» የሚለው ቃልስ? አፑ የመሣሪያውን አምራች የሚገምተው ከማክ አድራሻው መጀመሪያ ነው። ስልኮች ግን ከአንድሮይድ 10 (እ.ኤ.አ. 2019) እና ከአይኦኤስ 14 (እ.ኤ.አ. 2020) ወዲህ ለግላዊነት ሲባል በፋብሪካው አድራሻ ፋንታ የዘፈቀደ አድራሻ ያሳያሉ። ስለዚህ ዛሬ «ያልታወቀ መሣሪያ» ማለት በአብዛኛው «አዲስ ስልክ» ማለት ነው። በዚህ ነው አንድ ልጅ ሌባ የተባለው።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት የማንኳኳቱን ነገር ትንሽ ጠለቅ እንበል። የግቢ በር ስታንኳኩ ሦስት ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። አንድ ሰው «አቤት፣ ግቡ» ይላል፤ ይህ ክፍት ነው። ወይም «የምትፈልጉት ሰው እዚህ አይኖርም» ይላል፤ ይህ ዝግ ነው፣ ግን ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ አውቃችኋል። ሦስተኛው ዝምታ ነው። ኤንማፕ ዝምታውን «ፊልተርድ» ይለዋል። ዘበኛው ሰምቶ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ፋየርዎል ማለት ነው። ወይም ደግሞ ማንኳኳታችሁ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ስካነሩ ሁለቱን መለየት አይችልም። ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ያንኳኳና ይተወዋል። ማታ ሰው ሁሉ ዩቲዩብ ላይ ሲሆን ኔትወርኩ ፓኬት ይጥላል፤ ያኔ የተሠራ ስካንና ንጋት ላይ የተሠራ ስካን ላይመሳሰሉ ይችላሉ። መሣሪያው ግን ያው ነው። በዩዲፒ ደግሞ ይብሳል፤ ክፍት የሆነ ፖርትም ብዙ ጊዜ ዝም ስለሚል ኤንማፕ ራሱ «ክፍት ወይም ፊልተርድ» ብሎ እጁን ያነሳል። ይህን ሐቀኝነቱን እወድለታለሁ። ስልክ ላይ ያሉ የሚያማምሩ አፖች ግን «ወይም» የሚለውን ቃል አይወዱትም።

ዝምታ ሌላም ምክንያት አለው። ብዙ የሆቴልና የካፌ ራውተሮች አንዱ ደንበኛ ሌላውን እንዳያይ ይከላከላሉ። አፑ «ሌላ መሣሪያ የለም» ሲል ቤቱ ሙሉ ሰው ሊሆን ይችላል። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ደግሞ አፖች ስልኩ በአካባቢው ያገኛቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር በቀጥታ እንዳያነቡ ተከልክለዋል፤ ስለዚህ ለፒንግ የማይመልስ መሣሪያ «የለም» ተብሎ ይታለፋል። ካፌው ውስጥ እንደታየው የሌለ ሌባ ይወለዳል፤ እዚህ ደግሞ ያለ ሰው ይጠፋል።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ፣ ቪፒኤን። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ቪፒኤን ያልጫነ ወጣት አልነበረም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ከዚያ ወዲህ አላጠፋነውም፤ በራ ቀረ። እስቲ ቪፒኤን በርቶ ስካን አድርጉ። አንዳንዱ ቪፒኤን ላይ ያንኳኳችሁት በር ሁሉ ክፍት ሆኖ ይመጣል፦ 21 ክፍት፣ 23 ክፍት፣ 3389 ክፍት። ሰው ይደነግጣል፣ መደንገጡ አይገርመኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቪፒኤን ስልካችሁ ውስጥ የተቀመጠ ደላላ ነው። ደላላ ታውቁ የለ? «ቤት አለ?» ስትሉት ባለቤቱን ሳይጠይቅ «አለ፣ አለ፣ ግቡ» ይላል። ቤት ይኑር አይኑር በኋላ ይጣራል። ቪፒኤኑም የላካችሁትን ማንኳኳት ስልኩ ውስጥ ተቀብሎ፣ ሩቅ ያለውን ማሽን ገና ሳይጠይቅ፣ «ተገናኝተናል» ብሎ ይመልሳል። ስካነራችሁ የሰማው የደላላውን ድምፅ ነው። ሌሎችም ደላሎች አሉ። አንዳንድ የቤት ራውተሮች የስልክ ጥሪንና የፋይል ዝውውርን «ለመርዳት» በ5060 ወይም በ21 ላይ ራሳቸው ይመልሳሉ። ኮምፒዩተር ላይ ያለ አንቲቫይረስ ኢሜይል ለመፈተሽ በ25፣ በ110 እና በ143 መካከል ይገባል። ከጎርፍ ጥቃት የሚከላከል ፋየርዎል ደግሞ ለመጣው ሁሉ «አቤት» እያለ ሰርቨሩን ይሸፍናል።

ደላላውን ለመያዝ የምጠቀምባት አንዲት ዘዴ አለችኝ፤ ነፃ ናት፣ ውሰዷት። 192.0.2.1 የሚባል አድራሻ አለ። ከ192.0.2 የሚጀምሩት አድራሻዎች ለመማሪያ ምሳሌ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ በኢንተርኔት ላይ ማንም አይኖርባቸውም። ከእውነተኛው ስካን በፊት ይህችን አድራሻ ስካን አድርጉ። ባዶ ሜዳ ላይ «ክፍት ነው» የሚል መልስ ከመጣ፣ ውሸታሙ እናንተ ጋ ወይም መንገድ ላይ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ያያችሁት ውጤት ሁሉ አይታመንም።

በሞባይል ዳታ ደግሞ ሌላ ቀልድ አለ። «የአይፒ አድራሻዬ ስንት ነው» ብላችሁ ድረ ገጽ ላይ ታያላችሁ፣ ያንን አድራሻ ስካን ታደርጋላችሁ፣ የተከፈቱ በሮች ታገኛላችሁ፣ «ስልኬ ተጠልፏል» ትላላችሁ። ያ አድራሻ ግን ብዙውን ጊዜ የስልካችሁ አይደለም። የኢንተርኔት አድራሻ ስላጠረ ኩባንያዎች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የጋራ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ። ለዚሁ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው የአድራሻ ክልል ተለይቷል። የስልካችሁ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ አድራሻውን እዩ፤ በ10 ወይም በ100.64 የሚጀምር ከሆነና ድረ ገጹ ሌላ ካሳያችሁ፣ ያንኳኳችሁት የኩባንያውን ትልቅ በር ነው። ይህን ደግሞ ያለ ፈቃድ ማንኳኳት ሌላ ጣጣ አለው፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ማታለያ ልጨምር። ኤንማፕ ከቁጥሩ ጎን የሚጽፈው ስም ግምት ነው። ጎርደን ላየን (ፊዮዶር በሚል ስም ይታወቃል) እ.ኤ.አ. በ1997 ፍራክ በተባለ መጽሔት ላይ ካወጣው ጀምሮ ብዙ አድጓል፤ ዛሬም ግን የቨርዥን ፍተሻ ካላዘዛችሁት በቀር ስሙን የሚያነበው ከቁጥር ዝርዝር ነው። 22 ካየ «ኤስኤስኤች» ይላል፣ ውስጥ ያለው ምንም ይሁን ምን። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ይህን ለአዊ ሰው መንገር ድፍረት ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሶቹን እንጅባራ ላይ የሚያሰልፍ ሕዝብ ፈረስ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከኔ በላይ ያውቃል። ስካነሩም እዚያው ነው፤ በሩ ድረስ ያደርሳችኋል።

ጉዳዩ የካፌ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአገራችን ስም በዓለም ዜና የተነሳበት ትልቅ የስካን ታሪክ አለ፤ እኔ ጥንቃቄ ምን እንደሚመስል ማስረዳት ስፈልግ ሁሌም እሱን ነው የምጠራው።

ፊንፊሸር የሚባል፣ ለመንግሥታት የሚሸጥ የስለላ ሶፍትዌር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የባህሬን ተሟጋቾች ኮምፒዩተር ላይ ተገኘ። የተላከላቸው ቫይረስ ከአለቃው ሰርቨር ጋር የሚነጋገረው በ22፣ በ53፣ በ80 እና በ443 ነበር። አስተውሉ፦ ተራ ስካነር እነዚህን ቢያይ «ኤስኤስኤች፣ ዲኤንኤስ፣ ድረ ገጽ» ብሎ ያልፋቸዋል። የራፒድ ሰቨን ተመራማሪ ክላውዲዮ ጓርኒየሪ ግን ሰርቨሩን በእጁ ሲነካካው «ሃሎ ስቴፊ» የሚል እንግዳ መልስ ሰጠው። ይህን ሰላምታ በዓለም አቀፍ የስካን መረጃ ውስጥ ሲፈልግ በበርካታ አገሮች አገኘው፤ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ወሬው እንደወጣ ሰላምታው ጠፋ። ሶፍትዌሩ ተቀይሮ ሰርቨሮቹ «ሃሎ ስቴፊ» ማለት አቆሙ። ያኔ ስካን ያደረገ ሰው «ተዘግተዋል፣ አለቀ» ማለት ይችል ነበር፤ ስካኑም በጽሑፍ ያረጋግጥለት ነበር! በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ ግን በዚያ አላቆመም። ሰርቨሮቹ ለተበላሸ ጥያቄ በሚሰጡት መልስ ሌላ አሻራ ፈልጎ አገኘ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2013 ባወጣው ሪፖርት የአገሮቹ ቁጥር 25 ደረሰ፤ አንዱ ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ነበር። በዚያም ላይ ከሌላ አቅጣጫ ማስረጃ አመጡ፦ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ እንደ ማጥመጃ የያዘ ቫይረስ አግኝተው፣ ሲያስኬዱት ከዚያው ኢትዮጵያ ካለው ሰርቨር ጋር ተገናኘ። አንዱ ከውጭ አንኳኩቶ፣ ሌላው ከውስጥ ወጥቶ፣ እዚያው በር ላይ ተገናኙ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይህ ሁሉ ማስረጃ እያላቸው የጻፉት ማስጠንቀቂያ ነው። ሰርቨር በአንድ አገር መገኘቱ ብቻውን የዚያ አገር መንግሥት ለመጠቀሙ በቂ ማሳያ አይደለም አሉ። ልክ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሌላ ጥናት ብዙዎቹ ሰርቨሮች ለሌላ ሰርቨር መሸፈኛ እንደሆኑ አሳዩ። በብራውዘር ሲከፈቱ የጉግል ወይም የያሁ ገጽ እያሳዩ ንፁህ ይመስላሉ። ተመራማሪዎቹ ያንኑ የማስመሰያ ጉግል «የአይፒ አድራሻዬ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት፤ ገጹን በስውር የሚያመጣው ከኋላ ያለው አለቃ ስለነበር የራሱን አድራሻ ዘረገፈው። እንዲህ ዓይነት ብልጠት ሳነብ ፈገግ እላለሁ። በሩን ስለከፈተው ሰው ሲጨነቁ ሳይሆን «ማነው ከኋላህ?» ሲሉ ነው ያገኙት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጎዳ ሰው ነበረ። ኪዳኔ በሚል መጠሪያ ብቻ የሚታወቅ በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒዩተሩ በፊንፊሸር ተሰልሏል ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ አይደለም በሚል ክሱን አልተቀበለውም። የተሸነፈው በሕግ ነጥብ ነው። ማስረጃው በአንድ ስክሪንሾት ላይ የቆመ ቢሆን ግን ነገሩ እዚያ እንኳ ባልደረሰ።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ የመሣሪያ ስም ብቻውን ሰውን ያስከሰሰበት ጊዜ አለ። ሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማሪዎችና ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ የክሱ ዝርዝር ውስጥ ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ የሚባል፣ ማንም በነፃ የሚያወርደው የዲጂታል ደህንነት መማሪያ ገብቶ ነበር። አምስቱ ሐምሌ 2007 ክሳቸው ተነስቶ ተፈቱ፤ ሌሎቹን ፍርድ ቤት ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። እስከዚያ ግን ከአንድ ዓመት በላይ እስር ቤት አሳልፈዋል። ቴክኒኩን የማያውቅ ሰው ፊት የቴክኒክ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ በላይ ማሳያ አላውቅም።

ለዚህ ነው በዋይፋይ ጉዳይ «ማን ጠለፈን» ከማለታችሁ በፊት ትንሽ ልፉ የምለው። ቪፒኤኑን አጥፉ። 192.0.2.1ን ፈትሹ። በሌላ ስልክ፣ በሌላ ሰዓት ድገሙት። የቨርዥን ፍተሻ ጨምሩ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ማንኳኳቱን ትቶ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። የራውተሩ የራሱ ገጽ ላይ የተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር አለ። ኮምፒዩተር ከሆነ «ኔትስታት» የሚለው ትእዛዝ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፖርት እንደከፈተ ከውስጥ ይነግራችኋል። ከውስጥ «የለም» የሚል ነገር ከውጭ «ክፍት» ከሆነ መካከላቸው ደላላ አለ።

እና ፈቃድ! የራሳችሁን ራውተር እንደልባችሁ። የባንክ፣ የቀበሌ፣ የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትንኩ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በእስራት ይቀጣል። ማንኳኳትና መግባት አንድ አይደሉም፤ ያንን ልዩነት ግን ለፖሊስ ማስረዳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፣ ኤንማፕ አብሯችሁ አይቆምም።

ስክሪንሾት መላካችሁን አልጠላም፣ ላኩ። ግን ከሥሩ ከየትኛው ኔትወርክ ሆናችሁ እንደሠራችሁት፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ቪፒኤን በርቶ እንደነበር፣ ባዶዋ አድራሻም ምን እንደመለሰች ጻፉልኝ። የሰው ስም ያለበትን ስክሪንሾት ስሙ እስኪጠፋ አልከፍተውም።